ነበልባሉና ማገዶው
ስለ ቤት ቁጠባ የቀረበ ሐተታ

ለሰው ልጅ ከተሰጡት ሀብቶች መካከል የእሳትን ጠባይ የሚመስል ሌላ ሀብት በቀላሉ አይገኝም። እህል ለባልንጀራ ሲሰፍሩት ከጎተራ ይጎድላል፤ ውሃ ሲቀዱት ከእንስራ ይቀንሳል፤ ገንዘብ ሲሰጡት ከከረጢት ይወጣል። እሳት ግን እንዲህ አይደለም። ጎረቤት ማልዳ መጥታ «እሳት ልጫር» ባለች ጊዜ፥ አንዲት ፍም በገል ላይ አድርጋ ብትሄድ፥ የሰጪይቱ ምድጃ አይቀዘቅዝም፤ የተቀባይቱ ግን ይሞቃል። አንድ ጧፍ መቶ ጧፍ ቢያቀጣጥል ብርሃኑ በመቶ አይከፈልም። ስለዚህም ሊቃውንት ሳይጎድል ስለሚሰጥ ነገር ምሳሌ በፈለጉ ጊዜ እሳትንና ብርሃንን አመጡ።

ይህ ግን የነበልባሉ ጠባይ ነው እንጂ የማገዶው ጠባይ አይደለም። ጧፉ ብርሃኑን ሳይጎድል ያካፍላል፤ ሰሙ ግን በየደቂቃው እየቀለጠ ያልቃል። ፍሟን የሰጠችው ሴት ምድጃዋ አልቀዘቀዘም፤ ነገር ግን እንጨት ካልጨመረችበት ማታ አመድ ይሆናል። በቅኔ ቤት ልማድ ብንናገር ነበልባሉ ወርቅ፥ ማገዶው ሰም ነው። ወርቁን እያደነቀ ሰሙን የሚንቅ ተማሪ ቅኔው አይቀናለትም፤ ወርቁ የሚፈስበት ቅርጽ በሰሙ የተሠራ ነውና። የእኛም ዘመን ስሕተት ይህን ይመስላል፤ ነበልባሉን አየን፥ ማገዶውን ረሳን። አያቶቻችን እንጨቱን በትከሻቸው ተሸክመው፥ ኩበቱን በእጃቸው ጠፍጥፈው ያነድዱ ስለ ነበረ የእሳትን ዋጋ ጀርባቸው ያውቀው ነበር። የዛሬ የከተማ ሰው ግን በግድግዳው ላይ ያለውን ማብሪያ በአንዲት ጣት ሲነካው ቤቱ ይበራል፤ ማገዶው ከየት እንደ መጣ ጀርባውም ዐይኑም አያውቅም። የሚያስበው ወሩ አልቆ ሂሳብ ሲመጣበት፥ ወይም የቆጣሪው ካርድ ሲያልቅበት ብቻ ነው።

እንግዲህ በዚህ ሐተታ የምንመረምረው ጥያቄ አንድ ነው። በቤት የሚነደውን እሳትና የሚበራውን መብራት መቆጠብ የኪስ ነገር ብቻ ነውን? ወይስ የኅሊናም ነገር ነው? መልሱን አስቀድመን እንናገራለን፤ ማስረጃውን ደግሞ ወደ ኋላ እናመጣለን። ቁጠባ የኅሊና ነገር ነው፤ ነገር ግን ሦስት ፈተና ማለፍ አለበት። መጀመሪያ፥ የተተወው ነገር ለማንም የማይጠቅም ትርፍ ሊሆን ይገባል። ሁለተኛ፥ የመተዉ ድካም አስቀድሞ በአዛዡ ላይ ሊወድቅ ይገባል። ሦስተኛ፥ የተረፈው ወደ መልካም ሥራ ሊሄድ ይገባል። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ንፉግነት የቁጠባን ልብስ ለብሶ ወደ ቤት ይገባል፤ ቤተ ሰቡም ሳያውቀው ለእርሱ ይገዛል።

አስቀድመን ስሙን እንለይ። የጽርእ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ በጎ ጠባይ በሁለት ክፉ ጠባዮች መካከል እንደሚቆም አስተምሯል፤ ልግስናም በአባካኝነትና በንፉግነት መካከል ይቆማል። ብዙ ሰው ግን ቁጠባን ከንፉግነት ወገን ይቈጥረዋል፤ እጅን ማጠፍ ይመስለዋልና። ይህ ትክክል አይደለም። ቁጠባ የልግስና ጠላት አይደለም፤ ስንቅ አቀባዩ ነው። አባካኝ ሰው ለመስጠት ቢወድ እንኳ በሚሰጥበት ቀን እጁ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ንፉግም እጁ ሙሉ ሆኖ ሳለ የሚሰጥበትን ቀን አያገኝም። ቆጣቢ ግን ሁለቱንም አለው፤ የሚሰጠውንም፥ የሚሰጥበትንም ቀን።

ለዚህ ምስክር ትሆነን ዘንድ በመጽሐፈ ነገሥት የምትነገረውን የሰራፕታን መበለት እናስባት። ነቢዩ ኤልያስ በከተማይቱ በር ባገኛት ጊዜ እንጨት ትለቅም ነበር። የምትፈልገውም ሸክም ሙሉ እንጨት አልነበረም፤ ጥቂት ጭራሮ ነበር እንጂ። ምነው ቢሉ፥ በማድጋዋ የቀረው ዱቄት አንድ እፍኝ ብቻ ነበርና፥ ለአንድ እፍኝ ዱቄት ጥቂት ጭራሮ ይበቃዋል። ማገዶውን በዱቄቱ ልክ የመጠነች ሴት ናት። ነገር ግን ይህች በጭራሮ የምትቈጥር ሴት እንግዳው በለመናት ጊዜ እንጎቻውን አስቀድማ ለእርሱ ጋገረች። በማገዶ ቆጣቢ፥ በእንግዳ ለጋስ ሆና ተገኘች። ንፉግ ሰው ይህን ሥርዐት ይገለብጠዋል፤ ለራሱ ምቾት እንጨቱን ያለ ልክ ያነድዳል፥ እንግዳ በመጣ ጊዜ ግን ከሰል አለቀ ይላል።

አሁን ከባዱን መቃወሚያ እንስማ። አንድ ሰው ተነሥቶ «ያነደድሁትን እንጨት በገንዘቤ ገዝቻለሁ፤ ቆጣሪው የቈጠረውንም ሁሉ እከፍላለሁ። መብራቱ ሌሊቱን ሙሉ ቢበራ፥ ምድጃው ባዶውን ቢነድ ማንን በደልሁ?» ቢል፥ ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ዕዳውን የሚከፍል ሰው ሌባ አይባልምና። ነገር ግን ዋጋና ጉዳት አንድ አይደሉም። ዋጋ በሻጭና በገዢ መካከል የሚቈረጥ ነው፤ ጉዳቱ ግን በገበያው መካከል ባልተገኙ ሰዎችና ፍጥረቶች ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ይህን ለመረዳት የመዲናችንን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። ዐፄ ምኒልክ በእንጦጦ ከከተሙ፥ በኋላም በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተቈረቈረች ወዲህ፥ የሕዝቡ ብዛትና የማገዶው ፍጆታ በአካባቢው የነበረውን ደን እየጨረሰው ሄደ። እንጨት በየዓመቱ ከበፊቱ ይልቅ ከሩቅ የሚመጣ ሆነ። ስለዚህም በ1890ዎቹ መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ከተማቸውን ወደ ምዕራብ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው በዚያ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። አዲስ አበባን በስፍራዋ እንድትቀር ከረዷት ነገሮች አንዱ በ1880ዎቹ ወደ አገራችን የገባው፥ የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ የሆነው ባሕር ዛፍ ነው፤ ቶሎ ያድጋል፥ ቢቈርጡትም ከጉቶው ያቈጠቍጣልና። በአዲስ ዓለም የተጀመረው ሕንፃም ለቤተ ክርስቲያን ተሰጠ። እንግዲህ አስተውል፤ በዚያ ዘመን እንጨት የገዛ ሰው ሁሉ ለእንጨት ሻጩ ዋጋውን ከፍሏል። አንድም ሰው አልሰረቀም። ደኑ ግን አለቀ፤ ከተማም ሊፈልስ ደረሰ። ሁሉ የከፈለበት ነገር፥ ማንም ያልከፈለበት ጉዳት ሆኖ ተገኘ።

ከዚያም በኋላ እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ከእንጦጦ ተራራ የቅጠልና የጭራሮ ሸክም በጀርባቸው ጭነው ጎንበስ ብለው የሚወርዱ ሴቶችን ያላየ የአዲስ አበባ ሰው አልነበረም። ሸክማቸው አንዳንድ ጊዜ የራሳቸውን ክብደት ያህል ነበር። ገዢው ለዚያ ሸክም ጥቂት ብር ይከፍላል፤ የጎበጠውን ጀርባ ግን በዋጋው ውስጥ አላስገባውም። ያ ቅጠል ምጣድ ሳይጣድበት በከንቱ የነደደ እንደ ሆነ፥ የባከነው ቅጠሉ ብቻ አይደለም፤ የዚያች ሴት መንገድም ጭምር ነው።

በመብራቱም ነገር ይኸው ነው። የታላቁ የሕዳሴ ግድብ መሠረቱ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የማመንጨት ዐቅሙም 5,150 ሜጋዋት ነው። ይህ ግድብ በምን እንደ ተሠራ እናውቃለን። የመንግሥት ሠራተኛው ከደመወዙ እያስቈረጠ፥ ነጋዴውና ገበሬው ካላቸው እያዋጡ፥ በባዕድ አገር ያለውም ወገን ቦንድ እየገዛ ተሠራ። ከእነዚህም መካከል እስከ ዛሬ በቤታቸው መብራት ያልገባላቸው፥ ማታ በኩራዝ የሚያመሹ አሉ። እንግዲህ በባዶ ክፍል አምፖል አብርቶ የሚተው ሰው፥ የእርሱ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የእነዚያም መዋጮ ይነድዳል። «ከፍዬበታለሁ» ማለቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ብቻውን አልከፈለም።

«ግድቡ ካለቀ፥ ኀይሉም ከበዛ፥ ቁጠባው ስለ ምን ያስፈልጋል?» የሚልም አይታጣም። መልሱ ሁለት ነው። አንደኛው የሥራው ጠባይ ነው። ኀይል በግድቡ ቢበዛም ወደ ቤት የሚመጣው በምሰሶ፥ በሽቦና በየሰፈሩ ባለው ትራንስፎርመር ነው። ሰው ሁሉ ከሥራ ገብቶ በአንድ ሰዓት ምጣዱንም፥ ምድጃውንም፥ የውሃ ማሞቂያውንም ሲያበራ፥ ትራንስፎርመሩ ከዐቅሙ በላይ ይሸከማል፤ መብራቱም ይጠፋል። ጋጋታውን ያመጣው አንድ ቤት አይደለም፥ ጨለማው ግን ለሁሉ ነው። ሁለተኛው መልስ የኅሊና ነው። በወንጌል አምስት ሺህ ሰው ከጠገበ በኋላ ቁርስራሹ እንዳይጠፋ ይሰበሰብ ዘንድ ታዘዘ። እንጀራን እንዲህ ሊያበዛ የሚችል ጌታ ስለ ቁርስራሽ ያሰበው እጦት ፈርቶ አይደለም። እንግዲህ ቁጠባ የእጦት ልጅ ብቻ አይደለም፤ ለተሰጠ ነገር የሚገባ አክብሮት ነው። በእጦት ጊዜ የሚቆጥብ ሰው ችግር አስገድዶት ነው፤ በጥጋብ ጊዜ የሚቆጥብ ግን ወዶ ነው፤ ምስጋናም ያለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ፈተናዎቹ እንመለስ። የመጀመሪያው ፈተና የሚተወው ነገር ለማንም የማይጠቅም ትርፍ ነው ወይ የሚለው ነው። ይህን ለመለየት በጎ ፈቃድ ብቻ አይበቃም፥ ዕውቀትም ያስፈልጋል። የአገራችን ሰው «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላል። ስለ ወጡ እውነቱን ነው፤ ስለ ማገዶው ግን ጉልቻ ሲለወጥ ብዙ ነገር ይለወጣል። በሦስት ጉልቻ ላይ በገላጣው ከሚነደው እሳት ወደ ምግቡ የሚደርሰው ሙቀት ከዐሥር እጅ አንዱ ያህል ነው፤ የቀረው ነፋሱንና ግድግዳውን ያሞቃል። በ1980ዎቹ ዓ.ም. የተሠራው «ምርጥ» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ እሳቱን ዙሪያውን ዘግቶ ከምጣዱ በታች ስለሚሰበስበው፥ ከሦስት ጉልቻ ይልቅ ወደ ግማሽ የሚቀርብ ማገዶ ያተርፋል። «ላቀች» የሚባለውም የከሰል ምድጃ ውስጡ በሸክላ ስለ ተለበጠ ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ይልቅ ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል። ከሰሉም ራሱ ቀላል ነገር አይደለም፤ በልማዱ በአፈር ተቀብሮ ሲከስል አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከ5 ኪሎ የሚበልጥ እንጨት ይሄዳል። ስለዚህ አንድ እፍኝ ከሰል ማትረፍ ብዙ እፍኝ እንጨት ማትረፍ ነው።

ዳግመኛም ድስቱን እንመልከት። ውሃ አንድ ጊዜ ከፈላ በኋላ ከሥሩ እሳት ቢያበዙበት ሙቀቱ አይጨምርም፤ የሚበዛው እንፋሎቱ ብቻ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፥ ባቄላና ሽንብራ ከቈላ አገር ይልቅ በዚህ ለመብሰል ይዘገያሉ። ይህን የማያውቅ ሰው እሳቱን ያበዛል፤ የምታውቅ እመቤት ግን ጥራጥሬውን ከዋዜማው ትዘፈዝፈዋለች፥ ድስቱን ትከድነዋለች፥ ሲፈላም እሳቱን ታሳንሰዋለች። ወጡ አልተለወጠም፥ የተራበም የለም፤ የቀረው ነገር ወደ ጣራ ይወጣ የነበረው እንፋሎት ብቻ ነው። ከሚበቃው በላይ የሆነ ነገር ሁሉ እንዲሁ እንፋሎት መሆኑን ሰው ከድስቱ ቢማር መልካም ነበር።

በመብራቱም በኩል ሰው ብዙ ጊዜ ቁጠባውን በማይገባው ቦታ ያውለዋል። 3,500 ዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንድ ሰዓት የሚፈጀው ኀይል፥ 10 ዋት የሆነች አንዲት አምፖል በ350 ሰዓት ከምትፈጀው ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ስለ አምፖሏ ሲጨቃጨቅ እየዋለ ምጣዱ ባዶውን ሲግል የማያይ ሰው፥ የጓሮውን በር ክፍት ትቶ ቀዳዳ እንደሚደፍን ሰው ነው። ምጣድ እስኪሞቅ የሚፈጀው ኀይል አምስት እንጀራ ቢጋገርም ሠላሳ ቢጋገርም ያው ነው። ስለዚህም በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከመጋገር የሳምንቱን በአንድ ጊዜ መጋገር፥ ወይም ሁለት ሦስት ጎረቤቶች በአንድ በሞቀ ምጣድ በየተራ መጋገር ትልቅ ትርፍ አለው። አሮጌውን የ60 ዋት አምፖል በ10 ዋት የለወጠ ሰው ደግሞ በቀን 5 ሰዓት ቢያበራ በወር ከ9 ኪሎዋት ሰዓት ወደ አንድ ተኩል ይወርድለታል፤ ብርሃኑም ከፊተኛው አያንስም። ይህ ሁሉ ማንንም ያላስራበ፥ ማንንም በጨለማ ያላስቀመጠ ቁጠባ ነው።

ሁለተኛው ፈተና ይበልጣል፤ ብዙ ቤትም የሚወድቀው በዚህ ነው። ይኸውም የቁጠባው ድካም በማን ላይ ይወድቃል የሚለው ነው። አንድ የቤት ጌታ የመብራት ሂሳብ በዛብኝ ብሎ ተቈጣ እንበል። ወዲያው ሥርዐት አወጣ፤ የሠራተኛይቱ ክፍል መብራት ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ይጥፋ፥ ልብስና ዕቃ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠብ፥ ከሰልም በሳምንት ይህን ያህል ብቻ ይሁን አለ። እርሱ ግን በሙቅ ውሃ ይታጠባል፤ ቴሌቪዥኑም ሰው በሌለበት ክፍል ብቻውን ያወራል። ያች ልጅ የማታ ትምህርት የምትማር ብትሆንስ? በ10 ዋት አምፖል 3 ሰዓት ብታነብ የምትፈጀው ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት መቶኛ ሦስቱን ነው። 1,500 ዋት የሆነው የጌታዋ የውሃ ማሞቂያ ግን በአንድ ሰዓት የእርሷን የ50 ሌሊት ጥናት ይጨርሰዋል። ጌታው የጠፋውን አምፖል ቈጠረ፤ የጠፋውን ፊደል ግን አልቈጠረም። ይህን ቁጠባ ብሎ መጥራት ስምን ማራከስ ነው።

በአብነት ትምህርት ቤት ያለውን ልማድ ከዚህ ጋር እናስተያየው። ተማሪ ንባቡን በቀን ብርሃን ያነብባል፥ በቃል የሚያዘውን ትምህርት ግን ሌሊት በጨለማ ይቀጽላል፤ ለእርሱ ብርሃን አያስፈልገውምና። ይህ ቁጠባ ማንንም አላስቀየመም። ምነው ቢሉ መምህሩም ከተማሪዎቹ ጋር በዚያው ጨለማ ተቀምጦ ያስቀጽላልና። ጨለማውን የሚያዝ ሰው በጨለማው ከተቀመጠ ትእዛዙ ትምህርት ይሆናል፤ እርሱ በብርሃን ተቀምጦ ጨለማን ለሌላ ቢያዝዝ ግን ግፍ ይሆናል።

የቤት እመቤቶችንም ነገር በዚህ ስፍራ መርሳት አይገባም። በእርጥብ እንጨትና በኩበት ጢስ የታፈነች ማእድ ቤት ለባለቤቱ ኪስ ርካሽ ትመስላለች፤ ሂሳቡን ግን የሴቲቱ ዐይንና ሳንባ፥ በጀርባዋ ያዘለችውም ሕፃን ይከፍሉታል። የዓለም የጤና ድርጅት በፈረንጆች 2020 ብቻ ከቤት ውስጥ ጢስ የተነሣ በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ሞተ ገምቷል። ከሁሉም የሚያሳዝነው በብርድ ሌሊት ሙቀቱ እንዳይወጣ በርና መስኮት ዘግቶ ከሰል አንድዶ መተኛት ነው። ከሰሉ ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛውን ሰው ሳይነቃ ይወስደዋል። ሙቀት ለማትረፍ ተብሎ ሕይወት የሚሄድበት ቁጠባ የለም። ስለዚህ በር መክፈት፥ ከሰሉንም ወደ ውጭ አውጥቶ መተኛት፥ ጢስ የሚያሳንስ ምድጃ ለመግዛት ገንዘብ ማውጣት ብክነት አይደለም፤ የቁጠባ መጀመሪያው ይህ ነው። ልንቆጥበው ከሚገባን ሁሉ የሰው ትንፋሽ ይቀድማልና።

ስለ ድኻውም አንድ ቃል እንጨምር። ቁጠባን ለድኻ መስበክ ለዋናተኛ ስለ ውሃ እንደ ማስተማር ነው፤ ማጣት አስቀድሞ አስተምሮታልና። በምሽት ረመጡን በአመድ ዳፍኖ ለነገ እሳት የሚያሳድር፥ በአንድ ክብሪት ሁለት ሥራ የሚሠራ እርሱ ነው። በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. የወጣው የመብራት ታሪፍም ይህን በመመልከት በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀመውን ቤት በዝቅተኛው ዋጋ አስቀምጦ፥ ከዚያ በላይ ያለውን በየደረጃው ከፍ አድርጎት ነበር። ነገር ግን በአንድ ግቢ አምስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀሙ ድምሩ ወደ ላይኛው ደረጃ ይወጣል፤ አንዲት አምፖል ብቻ ያለችውም መበለት በባለጸጋው ዋጋ ትከፍላለች። እንዲህ ያለውን ግቢ የሚያስተዳድር ሰው ሂሳቡን ለሁሉ እኩል ከሚከፍለው ይልቅ እያንዳንዱ በሚያነድደው ልክ ቢያካፍለው፥ ምጣድና ማሞቂያ ያለው የራሱን ቢሸከም፥ አንድ ቃል ሳይሰብክ ቁጠባን አስተማረ ማለት ነው።

ሦስተኛው ፈተና የተረፈው ወዴት ሄደ የሚለው ነው። ከማገዶ የተረፈው ገንዘብ ለመጠጥና ለታይታ ከዋለ፥ ብክነቱ ከምድጃ ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወረ እንጂ አልቀረም። በሣጥን ተቈልፎ ለማንም የማይወጣ ከሆነ ደግሞ እሳት ሳይሆን እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ ይቀመጣል። የሚበጀው ቤተ ሰቡ ሁሉ እያወቀው የተረፈው ስም እንዲሰጠው ነው። ይህ ለልጃችን ደብተር፥ ይህ ለታመመችው ጎረቤት፥ ይህ ለሚቀጥለው ዓመት ለተሻለ ምድጃ ነው ቢባል፥ ማብሪያውን የሚያጠፋው ሕፃን እንኳ ጨለማ እያደረገ ሳይሆን በሌላ ስፍራ ብርሃን እያበራ መሆኑን ያውቃል። ምክንያቱ የተሰወረበት ቁጠባ ቤትን ያኮርፈዋል፤ ምክንያቱ የታወቀ ቁጠባ ግን ቤትን ያስተባብራል።

«የእኔ አንዲት አምፖል ለአገር ምን ታደርጋለች?» የሚል ቢኖር፥ እንጦጦን ያራቈተው አንድ ግዙፍ መጥረቢያ እንዳልነበረ ያስታውስ። እያንዳንዱ ቤት በየቀኑ ያነደዳት ጥቂት እንጨት ናት። ጉዳቱ በጥቂት በጥቂቱ ከመጣ፥ ጥቅሙም በጥቂት በጥቂቱ ከመምጣት የሚከለክለው የለም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ነገሩን እንሰብስበው። በግድግዳህ ላይ ያለው ቆጣሪ ያነደድኸውን ሁሉ ይቈጥራል፤ ለማን እንዳነደድኸው ግን አይቈጥርም። እንጀራ ስትጋገር ለደከመችው ሴት ያበራኸውንና በባዶ ክፍል የተውኸውን በአንድ ዋጋ ይጽፈዋል፤ ለእርሱ ሁለቱም ያው ኪሎዋት ሰዓት ናቸው። ይህን መለየት የሌላው ቆጣሪ፥ የኅሊና ሥራ ነው። ስለዚህ እንግዳ ሲመጣ ከሰሉን አትሰስት፤ ተማሪ ሲያነብ መብራቱን አታጥፋ፤ ሕፃን ሲበርደው ውሃውን አሙቅለት። ማንም በሌለበት ግን አጥፋው፤ ድስቱ ሲፈላም እሳቱን አሳንሰው፤ ሁሉንም ከራስህ ክፍል ጀምር። ጎረቤትህ «እሳት ልጫር» ብላ በመጣች ጊዜ በምድጃህ ፍም እንዲገኝ፥ ማገዶውን ዛሬ በልክ አንድደው።